ባለቤቴ መኪና ፓርክ እያደረገ ነው

ለተፈራዬ፣ ለሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትህን እስክናወጣ ድረስ ቤቱ ሰው አላጣም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ወደየጉዳዩ ተመለሰ። አልፈርድባቸውም፤ የአትላንታን ኑሮ አንተም ታውቀዋለህ። ደህና ነኝ ብዬ ብጀምርልህ ደስ ባለኝ፣ ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። ደህና አይደለሁም።

የቤቱን ልንገርህ። ታከር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ጓሮ የተከልከው ጎመን የሚቆርጠው አጥቶ አበበ፣ ዘር አወጣ፣ ደረቀ። መኪናህን ልጃችን ናሆም ስማይርና ወዳለው ቤቱ ወሰደው፤ ደጁ ላይ የምታቆምበት ቦታ ባዶ ነው። የራሴን መኪና እዚያ ማስገባት አቅቶኝ አሁንም መንገድ ዳር አቆማለሁ። በምሠራበት መጋዘን ትርፍ ሰዓት ሥሪ ሲሉኝ እሺ እላለሁ። ቤት ገብቼስ ምን እሠራለሁ?

አሁን የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ፈርሜ ስለነበር ነው። አትሳቅብኝ። የዕረፍት ቤት የነጥብ አባልነት ገዛሁ። ቤት አይሰጡህም፤ ነጥብ ነው የሚሰጡህ። በየዓመቱ ነጥብህ ይሞላልሃል፣ በነጥቡ ደግሞ ባሕር ዳርቻም ይሁን ተራራ ላይ እነሱ ባሏቸው ማረፊያዎች ጥቂት ቀን ትቀመጣለህ።

አንተ ኢስት ፖይንት ካለው የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት በምትነዳው ሻትል ስንት ዘመን የሰው ሻንጣ ጫንክ! ሰው ሁሉ ለዕረፍት ሲሄድ ሸኘኸው፤ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ሲመለስ ተቀበልከው። ዛሬ የጫንኳቸው ሰዎች አሸዋው እንኳ ከጫማቸው አልረገፈም እያልክ ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ሻትሉን ስትጠርግ ወንበር ሥር ያገኘኸውን ትንሽ ዛጎል አምጥተህ የኩሽና መስኮት ላይ አኖርከው። አሁንም እዚያው ነው።

የኛ ዕረፍት ግን ሁልጊዜ የሰው ጉዳይ ነበር። ዳላስ ለቅሶ፣ ዲሲ ሠርግ፣ ሲያትል ደግሞ ለቅሶ። ሳቫና የሄድን ጊዜስ ትዝ ይልሃል? የአክስትህ ልጅ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ። ባሕሩ ከዚህ ቅርብ ነው አሉን፤ አንተም ሸሚዝህን ሳትቀይር ልትሄድ ተነሣህ። ግን ድግሱ ረዘመ፣ ዝናብ ጣለ፣ በማግስቱም ሥራ ነበረህ፤ ባሕሩን ሳናይ ተመለስን። መንገድ ላይ ለሌላ ጊዜ አልከኝ። እኔም አመንኩህ።

እና ባለፈው ሳምንት አንድ ግብዣ በፖስታ መጣ፤ ባንተና በእኔ ስም። መሞትህን ፖስታ ቤት አልሰማም። ሆቴል ድረስ መጥታችሁ ስለ አባልነቱ ገለጻ ከሰማችሁ ሳቫና ባሕሩ አጠገብ ሁለት ሌሊት በነፃ ትስተናገዳላችሁ ይላል። ባልና ሚስት አብረው መምጣት አለባቸው ይላል። ለምን ሄድሽ ብትለኝ፣ ሳቫና የሚለውን ሳነብ ልቤ ደነገጠ፣ በቃ።

ሆቴሉ በር ላይ የተቀበለኝ ብራያን የሚባል ለጋ ሻጭ ነው፤ ባለቤትሽስ አለኝ። ተፈራዬ፣ በእመቤቴ እልሃለሁ፣ ለመዋሸት አላሰብኩም። አፌ ራሱ መለሰለት። ባለቤቴ መኪና ፓርክ እያደረገ ነው አልኩት።

አንተ እኮ መኪና እንደ ሰው አታቆምም። መውጫው አጠገብ ካልሆነ፣ ጎንህ ያለው ሰው በሩን ሲከፍት የማይነካህ ካልሆነ፣ በኋላ ማርሽ ካልገባህ አይሆንልህም። በሠርጉም፣ በለቅሶውም፣ በቤተ ክርስቲያኑም እኔ ቀድሜ እገባለሁ፤ ተፈራስ ይሉኛል፤ ፓርክ እያደረገ ነው እላለሁ፤ ሰው ይስቃል። አንዴማ ሙሽሮቹ ኬክ ከቆረሱ በኋላ ነው የገባኸው! ስንት ዓመት የተናገርኳትን ነገር ነው የደገምኩት።

ብራያን እሺ ብሎ ሁለት ወንበር ሳበ፣ ሁለት ሳህን ምሳ አመጣ። እያወራ በሩን ያያል፤ እኔም አብሬው አያለሁ። ከተለየኸኝ ወዲህ ያንተን መምጣት የሚጠብቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። የኛ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ገበያ ባገኘኝ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነፍሱን ይማር ይለኛል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን በሕይወት ነበርክ። ውጭ ነበርክ፣ ቦታ እየፈለግክ።

ሲቆይ ሥራ ጠርተውት ሄዶ ይሆናል አልኩት። ሳቀና የኔም አባት እንደዚያ ነው አለ። ሚስተር ተፈራ ባሕር ይወዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በጣም አልኩት። ዋናስ ይችላል? አይችልም፣ ግን ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ዳር ይቆማል አልኩት። ይህን ከየት አመጣሁት? አይቼህ አላውቅም። ከወንበሩ ከተነሣሁ አንተም አብረህ እንደምትጠፋ ስለገባኝ አልተነሣሁም። ብዕር ሲሰጠኝ ፈረምኩ። ያንተን ቦታ ክፍት ተወና እስከ ቅዳሜ መጥቶ ይፈርም፣ የራሱን ካርድ ይውሰድ አለኝ።

ቤት ስገባ ነው የነቃሁት። ፈርሞ ለተጸጸተ ውሉን እንዲሰርዝ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዕድሜ ልክ ነው። እስቲ አንተ እንደምታደርገው ግራና ቀኙን እንየው አልኩ። መልካም ጎን አለው፣ አልክድም። ሰው የከፈለበትን ነገር አይተውምና ቢያንስ ዕረፍት ይወጣል። ማብሰያ ያለው ሰፊ ቤት ስለሆነ ናሆም ከነሚስቱና ከነልጆቹ ከኔ ጋር ባንድ ጣሪያ ሥር ያድር ነበር። ዘንድሮ ያልነካሁት ነጥብ ለከርሞ ይተላለፋል። አንተ ብትኖር እቁብ በለው እንጂ ብለህ ግማሹን ታምነው ነበር። እቁብ ግን አይደለም። በእቁብ ዳኛውን ታውቀዋለህ፣ ቢዘገይም ዕጣህ ይወጣል። እዚህ ቀድሞ ቦታ የያዘ ነው የሚሄደው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያው ክፍል የሚበላው ነጥብ ይበዛል፤ የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ያን ጊዜ ካልሆነ አይችሉም። ሄድኩም ቀረሁም የጥገና ክፍያው በየዓመቱ ይመጣል፣ ይጨምራልም። ልሽጠው ብል ማን ይገዛኛል?

ናሆም ውሉን ቁጭ ብሎ አነበበልኝ። ማሚ፣ ካንስል አድርጊው አለኝ። ስካም ነው አልልሽም፣ ግን ወርዝ ኢት አይደለም፣ አያዋጣሽም፤ ሪታየር ስታደርጊ ሜንቴናንስ ፊውን በምን ትከፍይዋለሽ? ደግሞስ ከማን ጋር ነው የምትሄጂው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ካፉ እንደወጣች አንገቱን ደፋ። ልጅህ ክፉ አይደለም፤ እውነቱን ነው። የመሰረዣውን ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ። ባለቤቴ ፓርክ እያደረገ ነው ብዬ መዋሸቴን ግን አልነገርኩትም።

ዛሬ ቅዳሜ፣ የመሰረዣው የመጨረሻ ቀን ነበር። ፖስታ ቤቱ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መውረድ አቃተኝ። እንዲያ እያለሁ ብራያን ደወለ። ሚስተር ተፈራ አልመጣም፤ አሁንም ሥራ ላይ ነው ወይ አለኝ።

አዎ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ መሞትህን በራሴ አፍ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሥራ ላይ እያለህ ልብህ ሲቆም መርዶውን ያረዱኝ የደብሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማልደው በሬን አንኳኩ። ለናሆም እነሱ ነገሩት፣ አገር ቤት ላሉት ሌሎች። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ እንጂ ያችን ቃል ሰው ሁሉ ተሸከመልኝ። ለብራያን ግን ማልዶ የሚሄድለት ሽማግሌ ከየት ይመጣል? እኔው በእንግሊዝኛ፣ በስልክ፣ ብቻዬን አረዳሁት። ባለቤቴ ሞቷል አልኩት።

መቼ አለኝ። ዓመት አልፎታል አልኩት። ታዲያ የዚያን ቀን ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ልክ እንደኛ ሰው። መሰረዝ ከፈለግሽ ደብዳቤ ጽፈሽ ዛሬውኑ በአደራ ፖስታ ላኪ፣ ደረሰኙን እንዳትጥዪ አለኝ። የሳቫናው ሁለት ሌሊት ያንቺው ነው፣ ለሁለት ሰው ነው ብሎ ዘጋ።

ልኬው መጣሁ። የሠራሁት ልክ ነው፤ ናሆምም ደስ ብሎታል። ከኔ ግን ደስታ አትጠብቅ። መጀመሪያ ሲቀብሩህ ሰው ደግፎኝ ነበር፤ ዛሬ ብቻዬን ቀበርኩህ። ሳቫናም የምሄድ አይመስለኝም። ያን ባሕር ብቻዬን ቆሜ ባየው ምን ብዬ ልነግርህ ነው?

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መርሳት የሚባለው እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅበትም። ዛጎልህን ከመስኮቱ አላነሣትም። ደጁ ላይ ያለውን ቦታህን ማንም አይቆምበትም። የትም ስገባ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፤ ሰው አለው ወይ ካሉኝም አነሣዋለሁ፣ ከእንግዲህ አልዋሽም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በዚህ ከተማ ትመጣለህ ብለን በር በር የምናይ እኔና ብራያን፣ ሁለት ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ያንተው አስቴር