ክር የሌለው መርፌ

ልጄ፣ የሄድሽበት አገር ሰው ይውደድሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ከነጭቅጭቁ ደህና ነው።

ለጡቴ ካንሰር የታዘዘልኝን መድኃኒት አላቋረጥኩም፤ አትስጊ። ግን ጣቶቼን አደንዝዞ ከስፌት መኪናዬ አለያየኝ። ስለዚህ ሐኪሜን አስፈቅጄ፣ ከሕክምናው ጎን ለጎን ማሳጅና ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየሰኩ የሚያክሙበት የቻይናዎቹን ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ መሄድ ጀመርኩ። የምታክመኝ ሴትዮ እጄ ላይ መርፌ ስትሰካ «ልጄ፣ ክሩን ረሳሽው» ብላት በሳቅ ፍርስ አለች።

አባትሽ «ካንሰሩን እነሱ ሊነቅሉልሽ ነው?» ሲለኝ፣ «እሱን ለሐኪሙ ተወው፤ እኔ ጣቶቼን ነው የምፈልገው» አልኩት። ትናንት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ራሴ አስገባሁት። እስካሁን ሲያስገባልኝ የከረመው አባትሽ ሥራውን እንደተቀማ ሰው አኮረፈ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ፎቶሽ ላይ ከስተሻል። ልክሽን ሳትዋሺ ላኪልኝ፤ ቀሚስ ልሰፋልሽ ነው። በሰላም ያገናኘን። ጫፉን ግን ፊቴ ቆመሽ ካልለካሁሽ አልቀመቅመውም።

እናትሽ