የሁለተኛው ፊርማ ቦታ

ኤልደር ሂል፣ ቬርሞንት
ኤፕሪል 2

ለባለቤቴ ለሮይስ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ሽሮፕ ማፍያው ጎጆ ውስጥ፣ እሳቱ ዳር ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ እርጥብ ቢሆንብህ እንባ እንዳይመስልህ፤ ሽሮፕ እስኪሆን የማፈላው የሜፕል ዛፍ ውሃ እንፋሎት ነው። ዘንድሮ ዛፎቹ ጉድ ነው የሚሰጡት። ባልዲዎቹ ውስጥ ሲንጠባጠብ ጫካው በሙሉ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። እንፋሎቱ ጎጆውን ሲሞላው ግድግዳው ይጠፋብኛል፤ ያን ጊዜ ድስቱ ማዶ ቆመህ ትታየኛለህ። ትናንት «እሳቱን ቀንሺ፣ ልታሳርሪው ነው» ስትለኝ ሰማሁ። «ሰባት ወር ጠፍተህ አሁን ምን አገባህ?» አልኩህ። እሳቱን ግን ቀነስኩ።

የምጽፍልህ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ካቻምና የሞላኸውን የጤና መድን ቅጽ ታስታውሳለህ? «ልብሽ አንድ ምት በዘለለ ቁጥር እኔ ነኝ የምነቃው» ብለህ በግድ ያስገባኸኝ። አምና ዓመቱን ሙሉ መንግሥት ከወር ክፍያው አብዛኛውን ሸፈነልን። አሁን ገቢያችንን ለግብር የምናስታውቅበት ጊዜ ደረሰና ወረቀቱን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ወይዘሮ ፔልኪ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ ቁጭ ብለው ለሰው የግብር ቅጽ በነጻ ይሞላሉ። ሁለታችንንም ማባዛት ያስተማሩን እሳቸው ናቸውና ከእሳቸው የሚደበቅ ነገር የለም።

«ባልሽ አብሮሽ ካልፈረመ ለየብቻ ልታስታውቁ ነው» አሉኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ለየብቻ ላስታወቀ ባለትዳር ደግሞ ድጎማው አይፈቀድም። ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር መልሺ ይሉሻል።»

«አብረን ብንፈርምስ?»

«ሁለት መቶ ምናምን፤ እሱም ሽሮፑ ካሰባችሁት በላይ ስለተሸጠ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ መላ አለ። ባሏ ጥሏት የጠፋ፣ ፈልጋም ያጣችው ሴት እዚህች ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገች ድጎማው አይወሰድባትም። ሮይስ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

የላክህልኝ የገና ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ የወንድምህ አድራሻ ያለባት።

«ፍጠኚ እንጂ! ለፈተናም ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቼሽ አላውቅም» አሉኝ።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። በአንዲት ምልክት ከዕዳው መዳን እችል ነበር። ግን ዓይኔን ስጨፍን ሜይን ውስጥ፣ ጉም በዋጠው ወደብ፣ የወንድምህ ጀልባ ላይ ገመድ ስትጠቀልል አየሁህ። የቀኝ ጓንትህ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

«የት እንዳለ አውቃለሁ» አልኳቸው። «ጥሎኝም አልሄደም። ክፉ ቃል ተናግሬው ነው የሄደው።»

ወይዘሮ ፔልኪ ሌላ አልጠየቁኝም። አንተ ግን ቃሉን ታውቀዋለህ። እንጨት መሰንጠቂያው ተዘግቶ ሥራ የፈታህ ሰሞን «ካንተ ይልቅ ዛፎቹ ይጠቅሙኛል» አልኩህ። ምነው ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። ይቅር በለኝ ሮይስ። ዛፎቹ እየሰጡ ነው፤ እኔ ግን ባዶ ጎጆ ውስጥ ከእንፋሎት ጋር አወራለሁ።

የግብሩን ቅጽ አብሬ ልኬልሃለሁ። በእኔ በኩል ፈርሜያለሁ፤ የአንተ ቦታ ከእኔ ስም በታች ነው። የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው። ባትፈርም የአባትህን ማፍያ ድስት ሸጬ እከፍላለሁ፣ አልቀየምህም። ልቤ ደህና ናት። አንዳንድ ሌሊት ምት ትዘላለች፤ የሚነቃላት ሰው ግን የለም።

ባሕሩ ይራራልህ፤ እጅህን ብርድ አይንካብህ። ለወንድምህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ፖስታ ቤቱ ከራቀህ ደግሞ፣ አንተው ይዘኸው ና።

ባለቤትህ፣
ማሪቤት