ዓሣ የተጠቀለለበት ፎርሜ

ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለስደት ተመላሾች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ ከተማ

አመልካች፦ ኢቲሳም ኸሚስ
ስልክ፦ ለጥንቃቄ ሲባል አልተጻፈም

ጉዳዩ፦ በምስጢር የሰጠሁት ቃል የዓሣ መጠቅለያ መሆኑን ስለማመልከት

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. ከዓረብ አገር ተመልሼ አምና ቢሮዎ ስመዘገብ፣ ፎርሙ ላይ «የተመለሱበት ምክንያት» ለሚለው እውነቱን ጻፍኩ፤ አሠሪዬ በካውያ ጀርባዬን ማቃጠሏን፣ ሸሽቼም አራት ወር መታሰሬን። ደም ግፊት ላለባት እናቴ ግን ኮንትራቴን ጨርሼ መጣሁ ብያታለሁ። መዝጋቢው አቶ እንዳለ «አይዞሽ እህቴ፣ ከዚህ ቢሮ አይወጣም» ብለው «ምስጢር» የሚል ማኅተም መቱበት።

2. ከዚያ ቢሮው ዲጂታል ሆነ፤ እሰየው ነው። መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ወረቀቱ ቦታ ያጣብባል ተብሎ በኪሎ ተሸጠ። የገዛችው ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብስ ሴት ናት። እሷን አልከስም፤ ወረቀቱን ከቢሮው በተሻለ አክብራ ይዛዋለች።

3. እሑድ ዕለት እናቴ ዓሣ ገዝታ ገባች። እናቴ የአላህ ስም ይኖርበት ይሆናል እያለች ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሳታነብ አትጥልም። ዘይቱን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፣ ፊደል እየቆጠረች አነበበችው። የእኔን ስም አገኘች። ስትጨርስ «ዙሪ፣ ጀርባሽን ልየው» አለችኝ። ወላሂ፣ እስር ቤት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

4. በማግስቱ ቢሮው ሄድኩ። አቶ እንዳለ ከልባቸው አዝነው፣ መረጃዬ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ ምንም እንዳልጠፋብኝ አጽናኑኝ። የኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ወረፋ የያዝነው ሁሉ በቃላችን ይዘነዋል። አቤቱታዬን ለመቀበልም መጀመሪያ «የተመለሱበት ምክንያት» የሚለውን እንደገና ሙዪ አሉኝ። የግል ዳታ ጥበቃ የሚባል አዋጅ መኖሩን በስልኬ አንብቤአለሁ። ቢሮው ካልደረሰው ኮፒ አስደርጌ ለማምጣት ፈቃደኛ ነኝ።

የእኔ ፎርም ይመለስልኝ አልልም፤ እናቴ አጣጥፋ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች፣ ለማንም አልሰጥም ብላለች። የምለምንዎ ስለቀሩት ነው። አብረውኝ የተመዘገቡ ስልሳ ሁለት ሴቶች አሉ፤ እነሱም ለየቤታቸው ደህና ነበርን ያሉ ናቸው። ዓሣ ጠባሿ ያላለቀውን ክምር እመልሳለሁ፣ ሌላ መጠቅለያ ብቻ ስጡኝ ትላለች። እባክዎ ዛሬውኑ ሰው ይላኩ። ነገ የገበያ ቀን ነው፤ እናቶቻቸው ከየገጠሩ ይመጣሉ።

ከሰላምታና ከችኮላ ጋር
ኢቲሳም ኸሚስ
(ፊርማ)