ሲባጎው ሳይቆረጥ ስለተተቸልኝ መጽሐፍ

ለተከበሩ አቶ ኪዳነወልድ
የጀማሪ ደራስያን ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ከዓይኔና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ዛሬም እህል በረንዳ ድረስ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ የጆንያ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባትም ሰው አልጠራም፤ ደጋግሜ ብስትም ማስገባቴ አይቀርም። ይህንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከሥራ መልስ እያንቀላፋሁ ስለሆነ፣ የተንጋደደ ሆሄ ቢያጋጥምዎ በታወቀው ትዕግሥትዎ እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ። በጋዜጣ በግልጽ መጻፌን አይቀየሙኝ። በአካል ስመጣ ሁሌም ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ጋዜጣ ግን ስብሰባም ውስጥ ይገባል ብለው ሰዎች ስለመከሩኝ ነው።

ባለቤቴ በለጥሻቸው እህል በረንዳ እህል ስታበጥር ኖራ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ሐኪሙ አንደኛው ዓይኔ እንዳለቀለት፣ ሁለተኛውም ብዙ እንደማይቆይ ሲነግረኝ፣ ሳይጨልምብኝ የእሷን ታሪክ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያ መጽሐፌ ነው፤ ሁለተኛ አይኖረኝም። ማዕከልዎ ለጀማሪዎች ምክር ይሰጣል ሲባል ሰምቼ አብነት ሰፈር ድረስ መጣሁ፣ ከወጣቶቹም ኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ስለተቀበልኩት ምክር ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ. «ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ጻፉ» ስላሉን አመሰግናለሁ። ቤቴ ምናለሽ ተራ ጥግ ነው፤ በግራ በቀኝ ብረት ይቀጠቀጣል፣ በፊት ለፊት የታክሲ ረዳት ይጮሃል። ጸጥታ ፍለጋ መርካቶን ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት የእድራችንን ዕቃ ቤት ብቻ ነው። እዚያ የለቅሶ ድንኳኑ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ያዩኝ ሴቶች «ጋሼ ማስረሻ ድንኳናቸውን ቀድመው ያዙ» ብለው ሲስቁብኝ ከረሙ።

፪ኛ. «ረቂቃችሁን ለምታምኗቸው ሰዎች አንብቡላቸው» ስላሉንም እንዲሁ። እኔ የማምነው እድሬን ስለሆነ፣ በወሩ ስብሰባ ላይ የባለቤቴን የዕረፍት ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ሴቶቹ እሪ አሉ። ዘግይተው የመጡት ጩኸቱን ከውጭ ሰምተው አዲስ ሰው የሞተ ስለመሰላቸው ድንኳኑን አውጥተው መትከል ጀመሩ። የእድሩ ዳኛ ወጥተው «ኧረ ማነው የሞተው?» ቢሉ «በለጥሻቸው» አሏቸው። «እሷንማ ቀብረናታል!» ብለው ዳኛው ቢቆጡም፣ የተተከለ ድንኳን ባዶውን አይነቀልም ተብሎ ንፍሮ ተቀቅሎ ዋልን።

፫ኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል። በእኛ በእህል በረንዳ ሰዎች ዘንድ የሞላ ጆንያ አፉ በሲባጎ ተሰፍቶ ይሰጣል። ሲባጎውን የሚቆርጠው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ካልተቆረጠ ዕቃው አልተነካም ማለት ነው። እኔም ለእርስዎ ከነበረኝ አክብሮት የተነሣ ረቂቄን በንጹሕ ጆንያ ከትቼ፣ አፉን ሰፍቼ፣ ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት ሎዛ አስረከብኩ። ስለ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ስለ ባለቤቴ ነው አልኳት። ሰንበትበት ብሎ፣ ያለ ጆንያው፣ ማኅተም ያረፈበት አስተያየትዎ ብቻ ደረሰኝ። «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደካማ ናት፤ ባሏን ከመከተል በቀር የራሷ ዓላማ የላትም፤ ተሻሽላ ትቅረብ» ይላል።

የተማረ ሰው ቃል ነውና ታዘዝኩ። ክረምቱን በሙሉ በቀረችኝ ዓይን ሚስቴን ሳሻሽል ከረምኩ። ነጋዴ ፊት ጠረጴዛ የምትደበድብ፣ ንግግር የምታደርግ፣ ለእኔም ጀርባዋን የምትሰጥ አደረግኳት። በርበሬ ለምትሸጠው ጎረቤቴ ለሰአዳ ባነብላት፣ ሰምታኝ ስታበቃ «ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ማናት? እትዬ በለጥሻቸው ካረፉ በኋላ ሌላ አገቡ እንዴ?» አለችኝ።

የተሻሻለችውን አስረክቤ እውነተኛይቱን ለመውሰድ ቢሮዎ መጣሁ። ጆንያው ቁም ሣጥን ላይ ነበር፤ አፉ እኔ እንደ ሰፋሁት ነው። ቋጠሮዬን አውቀዋለሁ። ወይዘሪት ሎዛ አንገቷን ደፋች። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ጆንያ ስሰፋ፣ አፉን ሳይፈታ እህሉን ነቅዟል የሚል ነጋዴ አላጋጠመኝም፤ ይህን ጸጋ ለእርስዎ ብቻ የሰጠ አምላክ ይመስገን። እንግዲያው ይመለስልኝ ብል፣ ፋይል ሆኖ ስለተመዘገበ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ አይወጣም ተባልኩ። ፊርማዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው።

ሌላ ቅጂ የለኝም። ዓይኔ የሚበቃው ለአንድ መጽሐፍ ነበር፤ እሱንም እርስዎ ባዘዙልኝ ሴት ላይ ጨረስኩት። ስለዚህ ጆንያዬ ሳይከፈት እንዲመለስልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ፊደሌን እንደ ባቄላ አተልቄ እንደገና ጀምሬያለሁ፤ አንድ ገጽ አምስት መስመር ቢይዝልኝ ነው። ደክሞኛል፤ ግን አልተውኩትም።

በመጨረሻም፣ ማንም እንዳይከፍልልኝ የምፈልገው ዕዳ አለብኝ። ለእድሬ በሐሰት ስላስለቀስኩት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፤ ቆሜ እጠይቃለሁ። ሰአዳን አንድ ክረምት የማታውቃትን ሴት አስደምጫታለሁ፤ የምታውቃትን አነብላታለሁ። በለጥሻቸውን ደግሞ ደካማ ናት ሲሉኝ አዎ ብያለሁ። ይህን ዕዳ በእጄ ጽፌ እመልሳለሁ፤ ዓይኔ ቢከዳኝም በዳበሳ።

የዘወትር አክባሪዎ፣ ጊዜዎን ባለማንበብ ስለቆጠቡልኝ ውለታዎን የማልረሳ፣
ማስረሻ ሀብተ ወልድ
የጆንያ ሰፊ፣ መርካቶ

ማስታወሻ፦ በአዲሱ ረቂቅ ውስጥ ስምዎን በክብር አስገብቻለሁ። የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ግን አልነግርዎትም፤ አንብበው ይድረሱበት።