ባትሪው፣ እንቁላሉና ጋሽ ሀብቴ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ዛሬም ጠፋ። መብራቱን አላልኩም፣ እሱ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ባትሪውን ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሀብቴ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ከነቤተሰቡ ወልቂጤ ገባ፤ ሻንጣው ሳይፈታ ሚስቱ የውሃ ማፍያ ሰካች፣ ልጁ ካውያ ሰካች። ጭልም!

ባትሪውን የገዛልን እሱ ነው። ሊቲየም ነው፣ እውነትም ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ስለገዛው ጠባዩን የሚያውቅ ይመስለዋል። "ሰፈሩን በሙሉ ያበራል እኮ!" ይላል። ጋሼ፣ ብዙ መያዝ ሌላ፣ በአንዴ ብዙ መስጠት ሌላ! በርሜሉ ቢሞላም ውሃው የሚወርደው በቧንቧው አፍ ልክ ነው። ይሄኛው ደግሞ ከልኩ በላይ ሲጎትቱት ራሱን ለማዳን ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሄዶ መቀስቀስ የኔ ሥራ ነው።

የምጨነቀው ለእንቁላል መፈልፈያው ማሽን ነው። የሚበላው ጥቂት ነው፣ ግን መቋረጥ የለበትም። ውስጡ ያለውም የኔ ብቻ አይደለም። የውጆ ሴቶች፣ ማለት ለመስቀል ቅቤ በየተራ የምንሰጣጥ ጎረቤታሞች፣ ዘንድሮ እንቁላልም አዋጥተናል። የመጀመሪያው ተራ ጫጩት የእትዬ ዘነበች ነው። ላማቸው ከሞተችባቸው ወዲህ ገበያ ይዘውት የሚወጡት ነገር የላቸውም። ጫጩቶቹ በዚህ ሳምንት መውጣት አለባቸው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

መብራት መጣ። ገና ደስ ሳይለኝ ጋሽ ሀብቴ ባትሪውን የሚሞላው ኢንቨርተር ፊት ቆሟል። "ይሄ ነገር ለምን ይንቀረፈፋል?" አለና የመሙያውን ልክ እስከ ጫፍ ከፍ አደረገው። ቀስ ብሎ ሲሞላ ነው የሚስማማው፣ አውቄ ነው ዝቅ ያደረግኩት ብል ማን ሰምቶኝ። "ቶሎ ሞልቶ ቢገላገል ምን አለበት?"

ምን አለበት! ለእንግዳ ያወጣነው ፍራሽ ተደግፎበት ነበር፤ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ጋለና መሙላቱን አቆመ። እስኪበርድ ስንጠብቅ መብራቱ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመውም የለን።

ባለቤቴን ኤርሚያስን ተናገረው አልኩት። "ታላቄ ነው፣ ያውም በመስቀል፣ ምን ብዬ?" አለኝ። እኔ ልናገር እንዳልል ደግሞ ምራት ነኝ።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

የሴቶች መስቀል። የጎመን ክትፎው ሸጋ ወጣልኝ፣ ለትንሽ ጊዜ ንዴቴን ረሳሁ። እትዬ ዘነበች ገና ከበር "ልጆቼ እንዴት ናቸው?" አሉ። እንቁላሎቹን ነው። "ደህና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን" አልኳቸው።

ሶኬቱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ "ለእንቁላል ብቻ" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሀብቴ አነበበና ሳቀ። "በመስቀል እንግዳ ይከለከላል እንዴ?" ችግሩ ይኸው ነው። አማቴ አባባ ከገጠር፣ ከቸሃ ወርደው እኛ ጋ ከተቀመጡ ወዲህ ዘመድ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ነው። ክትፎ አይከለከልም፣ መኝታ አይከለከልም። ስለ ሶኬት ግን አባቶች የደነገጉት ነገር የለም።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

በሬው ታረደ። ጋሽ ሀብቴ ለሥጋው ብሎ ፍሪዘር አስጭኖ አመጣ፤ ሳይነግረኝ ባትሪው ላይ ሰካው። ፍሪዘር ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይበላም፤ ጉዱ ሲነሣ ነው፣ ሞተሩ እጥፍ ድርብ ይጎትታል። ሁላችንም ግቢ ነን፣ ክትፎ ላይ። ባትሪው መቼ እንደዘጋ ማንም አያውቅም። ገብቼ ማሽኑን ስነካው ቀዝቅዟል።

ጮኽኩ። የፍሪዘሩን ገመድ መንጭቄ ነቀልኩት።

"ሥጋው ሊበላሽ ነው እኮ!" አለ ጋሽ ሀብቴ።

"ይበላሽ!" አልኩ።

በመስቀል፣ የቤቱ ምራት፣ አማቷ ፊት፣ የመስቀልን ሥጋ "ይበላሽ"! ኤርሚያስ ወለል ወለሉን ያያል። አባባ "ሥጋ ድሮም የሚቀመጠው ጎረቤት ሆድ ውስጥ ነው። አውጡና አካፍሉ" አሉ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ይሄ ነው የከነከነኝ።

ማሽኑን በጋቢ ጠቀለልኩት፣ ዙሪያውን ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ደረደርኩ። ባትሪውን ቀሰቀስኩት። ሙቀቱ ተመለሰ፤ ውስጥ ያሉት ይኑሩ አይኑሩ ጌታ ነው የሚያውቀው።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ለእትዬ ዘነበች እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ ተቆጡም። ግን በመቀዝቀዙ አይደለም። "ለምን አልጠራሽኝም? እኔ ጋቢ የለኝም? እሳት የለኝም?" አሉኝ። አለቀስኩ። በንዴት ይሁን በእፎይታ እንጃ።

በርጩማ ስበው ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ጋሽ ሀብቴም መጣ። ከትናንት ጀምሮ ስልኩን እንኳ አልሰካም፣ የመሙያውንም ልክ ራሱ ዝቅ አድርጎታል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። የጫጩት ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ሦስታችንም ጆሯችንን ደቅነን ቆየን። ምንም የለም።

ወደ ማታ መብራት መጣ። ልጆቹ "መጣ! መጣ!" እያሉ ሲጮኹ ጋሽ ሀብቴ እጁን አንሥቶ ተቆጣቸው። "ዝም በሉ! እያዳመጥን ነው!"

ዝም ሲሉ ከአንዱ ቅርፊት ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። እትዬ ዘነበች እጄን ጨበጡኝ።

አንዷ ናት። ሌሎቹን እንጃ።