ሩኔ ቀኝ ቀኙን ያያሉ

ኦገስት 20
ዛሬም ስድስት ቤት። የሶደርማልም ሰፈር ደረጃ አያልቅም... ሽማግሌ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማስዋጥ፣ ወደሚቀጥለው መሮጥ። የመጨረሻው ቤት የሩኔ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ መርሳት ጀምሯቸዋል። ገላ መታጠብ ይጠላሉ። ከቤት ሲወጡ ግን ሌላ ሰው! ግማሽ ሰዓት በእግር፣ እስከ ውሃው ዳር። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው የሚኖሩት።

ኦገስት 23
መንገድ ስንሻገር ሩኔ ዘው አሉ። መኪና! በጃኬታቸው ጎትቼ አስቀረኋቸው። ሹፌሩ መስኮት አውርዶ ሰደበን።
"አላዩም እንዴ?" አልኳቸው።
"አይቻለሁ! ባዶ ነበር!" ብለው ተቆጡ።
እውነትም አንገታቸውን ሲያዞሩ አይቻለሁ... ታዲያ መኪናውን እንዴት ሳቱት? ዓይናቸው ይሆን?

ኦገስት 24
ሪፖርት ጻፍኩ። ግዴታ ነው። አለቃዬ አኒካ አንብባ ወዲያው ወሰነች። ከዛሬ ጀምሮ መውጣት የለም። በሚመጣው ወር ስብሰባ ይደረጋል፣ ምናልባት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይዛወራሉ።
"ሙፈሪሃት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አለችኝ።
የጻፈው እጅ የማን ሆኖ ነው?

ኦገስት 29
ሩኔ ጫማቸውን አድርገው ጠበቁኝ።
"እንሂድ?"
"ዛሬ አይቻልም።"
"ትናንትም አይቻልም ነበር።"
ይህችን ግን አይረሷትም... ምሳም አልነኩም። ደከመኝ።

ሴፕቴምበር 1
በቱኔልባና፣ በምድር ባቡሩ ውስጥ፣ ሰው ትቶት የሄደ ጋዜጣ አነሳሁ። ስለ ስቶክሆልም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይላል። ከተማዋ በአሥራ አራት ደሴት ላይ መሠራቷ፣ መሀል ከተማ ያለፈቃድ ዓሣ ማጥመድ መቻሉ... ሰባት ዓመት ኖሬባት አንዱንም አላውቅም። ላስቀምጠው ስል አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በፈረንጆቹ እስከ 1967 ድረስ እዚህ አገር መኪና የሚነዳው በግራ ነበር። በአንድ ማለዳ አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ሰኞ አርባ ዓመት ይሞላዋል።
ሰፈሬ ብሬዴንግ ጣቢያ ላይ እንዴት እንደወረድኩ እንጃ። ባሌ ዓወል አውቶቡስ ነጂ ነው። ቤት ስገባ ኮሪደሩ ላይ አቆምኩት።
"መኪና ሁን።"
"ደህና ነሽ?"
"መኪና በግራ የሚሄድ ከሆነ፣ ለእግረኛ ቅርቡ መኪና ከየት ነው የሚመጣው?"
"ከቀኝ..." አለና ቀኙን አየ። "ሰውዬሽ ወደ ቀኝ ነው ያዩት?"
ወደ ቀኝ ነው ያዩት! ዓይናቸው ደህና ነው። የጠፋባቸው አርባው ዓመት ነው።

ሴፕቴምበር 3
ሩኔን ስለዚያ ማለዳ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው በራ። ለካ የትራም ሹፌር ነበሩ! የመሀል ከተማው ትራም በዋዜማው ቀረና አውቶቡስ ሰጧቸው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ተሻገረ። እንደገና ቆመ። ልክ አሥራ አንድ ሲሆን ሄደ። "ሕዝቡ ያጨበጭብ ነበር" አሉኝ። ይህን ሁሉ ያስታውሳሉ። ምሳ መብላታቸውን አያስታውሱም።
ከዚያ አኒካ ጋ ሄድኩ። ለአለቃ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።
"ዓይናቸው ደህና ነው። ድሮ የተማሩትን ነው የሚያደርጉት። በግራቸው ሆኜ ክንዳቸውን ልያዝ።"
ሪፖርቴን መልሳ አነበበች። "ለሁለት ሳምንት። የትራፊክ መብራት ባለበት ብቻ።"

ሴፕቴምበር 12
ለእኛ ሁለት ሺህ ገባ። አዲስ አበባ ርችት ነው አሉ። እኔና ሩኔ መብራት እንጠብቃለን... "ግራ!" እላለሁ። ቀኝ ያያሉ። "ግራ!" አይለምዱም። ክንዳቸውን ግን አይከለክሉኝም።

ሴፕቴምበር 19
ስብሰባው አለቀ። ሩኔ ቤታቸው ይቆያሉ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ለኔም አንድ ቤት ተቀነሰልኝ። የዚህ አገር ብርድ ሲገባ ደግሞ ጉዳዩ እንደገና ይታያል አሉ። እፎይ ልበል? እንጃ።

ኦክቶበር 4
የረመዳን ጾም ነው፣ ዝያለሁ። ሩኔ ዛሬ ስሜን አጡት። ትራሙንም ጨርሰው ረስተዋል። መንገዱ ዳር ስንቆም ክንዳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።
"ለምንድን ነው የምትይዢኝ?"
ነገርኳቸው።
"አገር በሙሉ? በአንድ ማለዳ?"
"አዎ። ሁሉም ቆመ፣ ቀስ ብሎ ተሻገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ።"
እንደ ልጅ ሳቁ። "ማን ነገረሽ?"
"አንድ የትራም ሹፌር።"
"ጥሩ ሰው ይመስላል" አሉ።
አረንጓዴው መብራት በራ። ተሻገርን።