በአባባ ቀኝ ያለው ቦታ

ፓስኒ፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ በወጡበት ወር

ባሕር ማዶ ላለኸው ለወንድም ጋሼ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናና ሰላም ካንተ ጋር ይገኙ። ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ያመኛል ብለህ ከጻፍክ ወዲህ እማማ ከየሶላቷ በኋላ ጉልበትህን ለይታ ስትለምን እሰማታለሁ፤ የቀረው ገላህ ዱዓ የሚያስፈልገው አይመስላትም። እሷም እኔም ደህና ነን። የላክኸውን ሐልዋ ለመንደሩ ሁሉ አዳርሳ ለእኛ ጣሳውን ልሱ ብላ ሰጠችን። አባባም አሉ። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነውና ሰላምታዬ ቢያጥርብህ አትቀየመኝ።

ደብዳቤውን ይዞልህ የሚመጣው አጎት ሳብዛል ነው። አውቃለሁ፣ «ከሰው ሁሉ ሳብዛል?» ብለህ ፊትህን ታኮሳትራለህ። ያን ቀን አሸዋው ላይ ነበር፤ ወሬውን እስከ ጂዋኒ ያደረሰውም እሱ ነው። ግድ የለህም፣ ሻይ አቅርብለትና አጠገብህ አስቀምጠው። ምክንያቱን ስታነብ ትደርስበታለህ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ረመዳን እንደወጣ አባባን ትኩሳት ጣላቸው። ዓይናቸው ላይ ያለውን ሞራ መቼም ታውቃለህ ልል ነበር፤ አታውቅም ለካ፣ የባሰባቸው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። አሁን ቀኑን ከሌሊቱ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም። ትኩሳቱ በያዛቸው በሦስተኛው ቀን ውሃ ይዤ ስገባ ቀና አሉና «ትልቁ፣ መጣህ?» አሉ። እማማ ክንዴን ቆንጥጣ በዓይኗ «በል እንጂ!» አለችኝ። «መጣሁ፣ አባባ» አልኩ። እጄን ይዘው አለቀሱ። አባታችን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ አንተም አላየህም።

ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃቸው። እማማ ትንሽ ይበርቱና እንነግራቸዋለን አለች። ሲበረቱ ደግሞ ያን ደስታቸውን እያየ ማን አፉን ይክፈት? ትንሹስ የት ገባ አትልም? ዓሣ በጨው ሊያሽ ኦርማራ ሄዷል ተባለልኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ ያንተን ትራስ ተንተርሼ ስተኛ ከረምኩልህ። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላቸው ቀመስ አደረጉና «ይሄ ትንሹ ኦርማራ ቀረ እኮ! እሱ ከሌለ ሻዬ ሻይ አይሆንልኝም» አሉ። ሻዩን ያፈላሁት እኔው ነኝ።

ይህም ባልከፋ። ሐል ጠየቁኝ እንጂ! ከሩቅ የመጣ ሰው ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይሰጣል፤ የተቀበለው ደግሞ እንዲሁ ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ይህን ላንተ አላስተምርህም። አባባ በልጅነታችን በሐል ቀልዳችኋል ብለው ሁለታችንን ያለ ራት ያሳደሩን ሰው ናቸው። እኔ ግን ፊታቸው ቁጭ ብዬ «ኸይር ነው» ብዬ ጀመርኩና፣ አንተ ያለህባትን መስከትን በሕልሜ እንኳ ሳላያት፣ ከደብዳቤዎችህ እየለቀምኩ ሐል ሰጠሁ። እሳቸው በየመሃሉ «ኸይር፣ ኸይር» እያሉ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝ።

እንዲህ እያለን የማዕበሉ ወራት ገባ፤ ጀልባው ሁሉ አሸዋ ላይ ወጣ። አንድ ማለዳ አባባ «ተነስ ትልቁ፣ የመንጠቆ ክርህን ያዝ፤ ባሕሩ ሲያጓራ እያደረ እኛ ቤት እንተኛ?» አሉኝ። ትከሻዬን ይዘው ወረድን። እርጥቡ አሸዋ ጋ ስንደርስ ጫማቸውን አወለቁና ቆመው አዳመጡ። ማዕበሉ የማይሰበርበትን፣ ዓሣው የሚያልፍበትን ጥልቁን ቦታ አሁን በጆሯቸው ነው የሚያገኙት። «እዚህ» አሉ፤ አንድ ክንድ እንኳ አልሳቱም። በቀኛቸው ቆምኩ፣ ያንተ ቦታ ላይ።

እንግዲህ እኔ ግራኝ መሆኔን ታውቃለህ። በሕይወቴ ሙሉ በግራቸው የቆምኩት ለዚሁ ነው፤ ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት ሳሽከረክር ራሳቸው ላይ እንዳይዞር። አሁን አንተን ልሆን በቀኝ እጄ አሽከርክሬ ለቀቅኩት፤ እርሳሱ እግሬ ሥር ዱብ አለ። ሁለተኛም ያው። አባባ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «መስከት ክንድህን በላችው እንዴ? እናትህ እኮ ከዚህ የተሻለ ትወረውራለች!» አሉኝ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው አልኩ። ጉልበትህን ሳይቀር ተዋስኩህ። በየቀኑ እየወረድን በየቀኑ እንዲህ ሲያላግጡብኝ፣ መንጠቆው ላይ የሰካነውን ሰርዲን ከዓሣው ይልቅ ሸርጣን በላው።

ያለፈው ሐሙስ ግን የእሳቸውን ክር ያዘው። ጣታቸው ላይ ሲነካቸው ጠበቁ፤ ሁለተኛ ሲስብ ወደ ኋላ እየተራመዱ «ያዘኝ!» አሉ። ወገባቸውን ያዝኳቸው። ትልቅ የሶዋ ዓሣ ነበር፣ ከዚህ ዳርቻ ከስንት ዓመት ወዲህ ያልወጣ። መዳፋችን እስኪላጥ ጎተትን፤ ማዕበሉ ሲመጣ እየለቀቅን፣ ሲመለስ እየያዝን፣ በስተመጨረሻ አሸዋው ላይ ተዘረጋልን። እንደ ልማዱ ያጉረመርም ነበር። አባባ መዳፋቸውን ሆዱ ላይ አድርገው ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ቆዩ። ከዚያ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ አጠገቡ ተቀመጡ።

እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው ያን ቀን ነበር። ያንተንም ሶዋ። ክሩ ከተበጠሰ በኋላ እነሳብዛል ዙሪያውን ከበው «ማነው የወረወረው? ያየ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አቀርቅሬ ሰርዲን መንጠቆ ላይ ስሰካ ነበር፣ አላየሁም አልኳቸው። አንተ ጉንጭህን ይዘህ ወደ እኔ ዞር አልክ። በማግስቱ ጀልባ ላይ ነበርክ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓሣ ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ፊትህ ነው።

አባባ «ትልቁ፣ ተቀመጥ። ሐሌን ሳልሰጥህ ቆየሁ» አሉኝ። ያሉትን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ሳብዛል እንዲሰማው ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው።

«ኸይር ነው። ሰባት ዓመት ሆነ። እዚህ ነበርን፤ አንተ በቀኜ፣ ትንሹ በግራዬ፣ እነሳብዛል ከወዲያ። ክርህን ሶዋ ይዞት እየጎተትክ ነበር። እኔ ወረወርኩ። ክሬ ያንተን አቋረጠው፣ ተጠላለፈ፣ ዓሣው በጥሶ ሄደ። በሰው ክር ላይ መወርወር ነውር ነው እያልኩ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲስቅ ደነገጥኩ። ‹አንተ ነህ ያቋረጥከኝ› ብዬ በሰው ፊት በጥፊ መታሁህ። ያኔ ዓይኔን ሞራው ጀምሮኝ ነበር። ክርህን አላየሁትም፤ የራሴ እርሳስ የት እንደወደቀ እንኳ አላየሁም። ዓይኑ ጠፋ ከምባል፣ ልጄ ይዋረድ አልኩ። በማግስቱ ስትሄድ ልጠራህ እስከ ውሃው ድረስ ወርጃለሁ፤ የትኛው ጀልባ ላይ እንዳለህ ማየት አልቻልኩም። ሐሌ ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።»

ወንድም ጋሼ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ይቅርታው ያንተ እንጂ የእኔ አይደለምና አልወጣልኝም። ልቅሶዬን እንዳይሰሙብኝ ተነሳሁና፣ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ፣ ክሬን አንስቼ አሽከርክሬ ወረወርኩ። እርሳሱ በጆሯቸው ሥር እያፏጨ አለፈ።

አባባ ጥምጣማቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «በቀኜ ቆሞ በግራ እጁ የሚወረውር ልጅ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ቀስ በል አንተ፣ ጭንቅላቴን ልታወርደው ነው!» አሉ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። ትኩሳቱ ከለቀቃቸው ቀን ጀምሮ ነው! «ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ጠፋ ያለህ ማን ነው? ከሕፃንነትህ ጀምሮ ተረከዝህን ትጎትታለህ። ሻዩንም ቢሆን ያንተን እጅ አጥቼው ነው?» አሉኝ። አየህ፣ አንድ ወር ተኩል ሙሉ የመስከት ክንድ እያሉ ሲጫወቱብኝ ነው የከረሙት። ታዲያ ለምን ያንን ሁሉ ለእኔ ነገሩኝ? ስላቸው ሳቃቸውን አቆሙ።

«ላንተ ብነግርህ ‹አይዞዎት አባባ፣ ያለፈ አልፏል› ብለህ ታባብለኝና እዚሁ አሸዋ ላይ ይቀር ነበር። አንተን አውቅሃለሁ፣ ልብህ ቶሎ ይራራል። ለትልቁ ብዬ ሰጠሁት፣ አንተ ተቀበልክ። ሐል የተቀበለ ያደርሳል። በሰው ፊት ነው የመታሁት፤ በሰው ፊት ይነበብለት። ሳብዛል ይውሰደው፤ ያኔ ወሬውን ያደረሰ እግር ይሄንንም ያድርስ» አሉ። የመስከቱን ሐል የዋሸሁትንም አነሱብኝ፤ ይቅር የሚሉኝ ይህኛውን ቀጥ አድርጌ ካደረስኩ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ።

ና ብዬ እንድጽፍልህ ለመንኳቸው። እንቢ አሉ። «ና አትበለው። መምጣት አለመምጣት የእሱ ነው። በቀኜ ያለው ቦታ ባዶ ነው በለው፣ በቃ» አሉ። እኔ ግን ከሐሉ ውጭ፣ በራሴ አፍ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ደረታቸው አልተመለሰም። በክንዴ ደግፌ አወርዳቸዋለሁ፤ አሸዋው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ እወረውርና ክሩን በጣታቸው አሲዛቸዋለሁ። ማዕበሉ ሊበርድ ከአንድ ወር ብዙ አይበልጥም። ለሚቀጥለው ዓመት ማዕበል አብረን እንወርዳለን ስላቸው ኸይር ይላሉ እንጂ እሺ አይሉም።

ልንመለስ ስንል፣ ዓሣውን ተሸክሜ እሳቸው ትከሻዬን ይዘው፣ «አንተስ? ለወንድምህ የምትልከው ሐል የለህም?» አሉኝ። የለኝም አልኩ። ጥቂት ከተራመድን በኋላ «ያን ቀን በግራዬ ነበርክ። ዓይንህም ደህና ነበር» አሉ።

ሦስት ቀን ይኸውና ይህን ወረቀት እየጻፍኩ እየቀደድኩ ነው። አሁን አባባ አጠገቤ ናቸው፤ መዳፋቸውን ጫፉ ላይ አድርገው «ቀለሙ ደረቀ?» ይሉኛል። እማማ የደረቀ ዓሣና ተምር ለሳብዛል አስይዛለች፤ ጉልበትህን በሰሊጥ ዘይት እሽ ብላሃለች። አላህ ከክፉ ይሰውርህ፣ ደጅህን የሰፋ፣ እንቅልፍህን የቀለለ ያድርግልህ። የአባባ ምርቃት፣ የእማማ ምርቃት አይለይህ። ሳብዛል ገና ያልተነሳ እንደሆነ አትሸኘው። አንዲት ነገር ቀርታለች፤ እስከ መጨረሻዋ ቃል፣ ፊርማዬን ጭምር፣ ጮክ ብለህ አንብብለት።

ያን ቀን ያላቀረቀረው
ታናሽ ወንድምህ